«ዱድ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

የ14 ዓመት ልጅ ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። የሚኖሩት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ልጃቸው ሳሎን ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር በስልክ ያወራል፤ እሳቸው ወጥ ይሠራሉ፤ ጆሯቸው ግን ልጁ ዘንድ ነው። ልጁ በድንገት «ዱድ!» ይላል፤ የደነገጠ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ቃሉን እየጎተተ «ዱ…ድ» ይላል፤ አሁን ድምፁ የሐዘንተኛ ነው። ቀጥሎ እየሳቀ ይለዋል፤ ቀጥሎ እየተቆጣ ይለዋል፤ በመጨረሻም ስልኩን ሊዘጋ ሲል ያንኑ ቃል በለሆሳስ ይደግመዋል። እናት መዝገበ ቃላት ቢያገላብጡ «ሰውዬ» የሚል ፍቺ ያገኛሉ። ልጁ ቃሉን ካነሣባቸው አምስት ጊዜያት በአንዱም እንኳ «ሰውዬ» ማለቱ አልነበረም።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። እንዲህ ያለውን ቃል በፍቺ ብቻ ለመያዝ መሞከር ግን ውኃን በወንፊት መቅዳት ነው። «ዱድ» በዛሬው አሜሪካዊ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ነገርን አይሰይምም፤ በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። ይህን ለመረዳት ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ የታደለ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት «አንተ» ልበል ወይስ «እርስዎ» ብለን ስንመዝን ያደግን ሰዎች ነን። መዝገበ ቃላቱ የነፈገንን ፍቺ ከራሳችን ቋንቋ ውስጥ ማግኘት እንችላለን።

ከልደቱ ልጀምር፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ቃሉ በኒውዮርክ ከተማ በሰው አፍ የገነነው በ1883 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ሮበርት ሴል ሂል የተባለ ሰው ይህንኑ ቃል ርዕስ ያደረገ የፌዝ ግጥም በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ አወጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጋዜጦች ቃሉን ይቀባበሉት ጀመር። ያን ጊዜ ትርጉሙ አንድና ግልጽ ነበር። ሱሪው እግሩ ላይ የተጣበቀ፣ ኮሌታው አገጩን የሚነካ፣ ከዘራ ይዞ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የእንግሊዝ መኳንንትን አነጋገርና አረማመድ የሚቀዳ ሥራ ፈት የሀብታም ልጅ «ዱድ» ይባል ነበር። ኢቫንደር ቤሪ ዎል የሚባለው የኒውዮርክ ባለጸጋ በልብሱ ብዛትና በአለባበሱ ድምቀት የተነሣ «የዱዶች ንጉሥ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የኒውዮርክ ምክር ቤት አባል ሳሉ፣ በአለባበሳቸውና በአፍንጫ ላይ በሚያርፈው መነጽራቸው ምክንያት በዚህ ስም ተፊዞባቸዋል።

ቃሉ ከየት መጣ? ብዙ መላ ምት ተሰንዝሯል። ከሁሉ ጠንካራውን ማስረጃ ያቀረቡት ጄራልድ ኮኸንና ባሪ ፖፒክ የተባሉ ሁለት የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ናቸው። የዚያን ዘመን ጋዜጦች ለዓመታት ሲፈትሹ ቆይተው «ዱድ» የተቆረጠው «ያንኪ ዱድል» ከሚለው የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ዜማው ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ የዘመኑ ዘናጭ የሆነ ስለሚመስለው የገጠር ሰው የሚያወራ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች የአሜሪካ ቅኝ ነዋሪዎችን የሚያንኳስሱበት ዘፈን ነበር፤ አሜሪካውያን ግን በነጻነት ጦርነታቸው ጊዜ ዘፈኑን ነጥቀው የራሳቸው የኩራት ዜማ አደረጉት። ይህ መነጠቅ ልብ ይባልልኝ፤ የዜማው ልጅ «ዱድ»ም የወላጁን ዕጣ ይወርሳል።

ከኒውዮርክ ወደ ምዕራብ ሲሻገር ቃሉ ሁለተኛ ፊቱን አወጣ። በከብት እርባታ በሚኖሩት በዳኮታና በዋዮሚንግ ሰዎች ዘንድ ከምሥራቅ ከተሞች የመጣ፣ ፈረስ መኮርኮር የማያውቅ፣ ቦት ጫማው ገና ያልቆሸሸ እንግዳ ሁሉ «ዱድ» ተባለ። ልብሱ ቢያምርም ባያምርም ለውጥ አልነበረውም፤ ቁም ነገሩ የአገሩ ሰው አለመሆኑ ነው። በዳኮታ፣ በሜዶራ ከተማ አካባቢ ከብት ያረቡ የነበሩት የኢተን ወንድማማቾች ቤታቸው እንግዳ ሲበዛ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ማረፊያና ምግብ በክፍያ መስጠት ጀመሩ፤ በ1904 ወደ ዋዮሚንግ ተዛወሩ። እንዲህ ያለው እርሻ «የዱድ እርሻ» ይባላል፤ ባለቤቶቹ በ1926 ማኅበር እስከማቋቋም ደርሰዋል፤ ዛሬም ጎብኚዎች በፈረስ የሚጋልቡባቸው ቦታዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ይህን ሳነብ «ባላገር» የሚለው ቃላችን ትዝ ይለኛል። ቃሉን ብንፈታው «አገር ያለው» ማለት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ? ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ የከተማው ሰው ቃሉን ገጠሬን ማናናቂያ አደረገው። በአሜሪካ ምዕራብ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ እዚያ የተናናቀው ከተሜው ነበር። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ «አራዳ» የሰፈር ስም ሆኖ ሳለ «የአራዳ ልጅ» ዓለሙን ያወቀ፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል። ቃላት በከተማና በገጠር መካከል ባለው ጥል ውስጥ ሲያልፉ አንዳንዱ ማዕረግ ያገኛል፤ አንዳንዱ ማዕረጉን ይገፈፋል።

«ዱድ» ማዕረግ ያገኘው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። የቃሉን ጉዞ ያጠኑ ምሁራን በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ጥቁር አሜሪካውያንና ከሜክሲኮ የሚወለዱ የከተማ ወጣቶች ቃሉን እርስ በርስ መጠራሪያ እንዳደረጉት ይናገራሉ። እነዚህ ወጣቶች ትከሻው የሰፋ፣ ታፋው ላይ ተንሰራፍቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጠብ፣ «ዙት ሱት» የሚባል ሙሉ ልብስ ይለብሱ ነበር። ድሀ ሆነው መዘነጣቸው ራሱ መልስ ነበር፤ «አትታዩ ብትሉንም እንታያለን» የማለት ያህል ነው እንጂ ከንቱ ጌጥ አልነበረም። ለዚህም ዋጋ ከፍለዋል። በሰኔ 1943 በሎስ አንጀለስ የባሕር ኃይል ወታደሮች በየመንገዱ እያሳደዱ ደብድበዋቸዋል፤ ልብሳቸውን ከላያቸው ላይ ገፈዋል። የሀብታም ልጆችን መዝለፊያ የነበረው ቃል የተገፉ ወጣቶች «የእኛ ሰው» መባያ የሆነው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው። ዛሬ ቃሉን በየደቂቃው የሚጠቀሙት ብዙዎቹ ይህን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል፤ «ወገኔ» የሚለው ፍቺ የተገኘው በእነዚህ ልጆች ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ቃሉ በ1960ዎቹ ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞችና ከወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር ወደ ነጮቹ ወጣቶች ተሻገረ፤ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በሞገድ ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ተቀበሉት፤ የ1980ዎቹ ፊልሞች ከእነሱ አፍ ወስደው ለዓለም አዳረሱት። አነጋገሩም ከዚያው የካሊፎርኒያ ዘዬ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። እኛ «ዱድ» ብለን ስንጽፈው ከንፈራችን ሞጥሙጦ ምላሳችን ወደ ኋላ የሚሸሽበትን ድምፅ እናስባለን፤ ወጣቶቹ ግን ምላሳቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው «ዲውድ» ለሚለው የቀረበ ድምፅ ያሰማሉ። ፊደላችን ይህን በትክክል አይዘውም። ለእኛ ጆሮ ደግሞ ሌላም ችግር አለ፤ ቃሉ ከ«ዱዳ» ጋር ስለሚቀራረብ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አያት ልጁ ጓደኛውን በአካል ጉድለቱ የሰደበ ሊመስላቸው ይችላል። ሁለቱ ቃላት ምንም ዝምድና የላቸውም።

እንግዲህ ወደ ፍቺው። በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ቃሉ ስም ሆኖ ሲገባና መጥሪያ ሆኖ ሲገባ አንድ አይደለም። «አንድ ዱድ በሩ ላይ ቆሟል» ቢባል ቃሉ ስም ነው፤ ትርጉሙም «አንድ ሰውዬ» ነው፤ የቆመው ወንድ ነው ማለት ነው። መዝገበ ቃላት የሚያውቀው ይህን ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ አገባብ ነው። ከባዱ ቃሉ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ለብቻው ሲቆም ያለው ነው።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁር የሆኑት ስኮት ኪስሊንግ በ2004 ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ጥናት አሳትመዋል። ቀደም ሲል በወንድ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ የቀዱትን ንግግር መረመሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ቃሉን በሰሙ ቁጥር ማን ለማን እንዳለው እንዲመዘግቡ አደረጉ። አንዳንዶች ይህን ያህል ድካም ለአንድ የወጣቶች ቃል የሚያስፈልግ አይመስላቸው ይሆናል። እኔ ግን የዕለት ተዕለት ንግግርን እንዲህ አክብሮ ያዳመጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል እላለሁ። ጥናቱ ቃሉ የሚሠራቸውን ልዩ ልዩ ሥራዎች ለይቶ አሳይቷል፤ እኔም የአማርኛ አቻ እየፈለግሁ በራሴ መንገድ ላስረዳ።

ወጣቱ አንድ ታሪክ ሊያወራ ሲል ዓረፍተ ነገሩን በ«ዱድ» ይከፍታል። ይህ የእኛ «ስማኝማ» ነው፤ አድማጩን በእጁ ጎተት አድርጎ ወደ ጨዋታው ማስገቢያ ነው። የሚያስደንቅ ነገር ሲሰማም «ዱ…ድ!» ይላል፤ እዚህ ላይ ማንንም አልጠራም፤ ቃለ አጋኖ ነው። ለዚህ አማርኛ «እናንተዬ!» የሚል ድንቅ ቃል አለው። «እናንተዬ፣ ይህ ነገር እውነት ነው?» ስንል ከፊታችን አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ማንም ላይኖርም ይችላል። የብዙ ሰዎች መጥሪያ የነበረው ቃል መደነቂያ ሆነ። «ዱድ»ም የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ «እናንተዬ» ማለት የለመደ ሰው አንድ ቃል መጥሪያ ሆኖ ሳለ ማንንም ላይጠራ እንደሚችል ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። ሁለት ጓደኛሞች ሲጨቃጨቁ አንዱ ጠንከር ያለ ነገር ተናግሮ መጨረሻ ላይ «ዱድ» ይጨምራል። «ተሳስተሃል» ብቻ ቢል ጦር ነው፤ «ተሳስተሃል፣ ዱድ» ሲል ግን ጫፉ ይደነዝዛል። «ብቃወምህም ወዳጅህ ነኝ» የሚል ትራስ ከሥሩ አነጠፈለት። እኛ «ተው እንጂ ወንድሜ» ስንል፣ ወይም ከተግሣጹ ኋላ «የኔ ጌታ» ብለን ስንጨምር የምናደርገው ይህንኑ ነው። በተቃራኒው ቃሉ አጥሮና ወድቆ ብቻውን ሲመጣ «አንተ!» ብሎ እንደመገሠጽ ነው፤ «ምን እያደረግህ ነው?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ አለ። ጓደኛው ፈተና ወድቆ፣ ፍቅረኛው ትታው ሲነግረው ደግሞ ድምፁን አለስልሶ «ዱድ…» ይላል። ይኸኛው «አይዞህ» ነው። አንዳንድ ወጣት ወንድ ከዚህ የበለጠ የማጽናኛ ቃል አፉ ላይ አይመጣለትም፤ የሐዘኑ ሁሉ መግለጫ ይህች አንዲት ቃል ናት። ከዚህም ሌላ «እውነትህን ነው፣ እስማማለሁ» ለማለት ቃሉ ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ ትርጉሙን የሚሸከመው ዜማው ነው። ድምፁ ወጣ ወይስ ወረደ? ተጎተተ ወይስ ተቆረጠ? መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ? ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ዱድ» በሰማ ቁጥር «ሰውዬ» ብሎ ከጻፈ ትርጉሙን አበላሸው። ይባስ ብሎ «ሰውዬ» በአማርኛ ለማያውቁት ሰው ሲነገር ንቀት ሊኖርበት ይችላል፤ በእንግሊዝኛው ግን የተነገረው የወዳጅነት ቃል ነበር። አንዱን ጊዜ «ስማ»፣ አንዱን ጊዜ «እናንተዬ»፣ አንዱን ጊዜ «ወንድሜ»፣ አንዱን ጊዜ «አይዞህ» እያለ መቀያየር የተርጓሚው ግዴታ ነው። አንዳንዴም ምንም ሳይጽፍ ማለፍና ቅርበቱን «አንተ» በሚለው የግሥ እርባታ ማሳየት ይበቃዋል።

ኪስሊንግ ለእነዚህ ሁሉ አገባቦች የጋራ የሆነ አንድ ባሕርይ አግኝተዋል፤ ቀዝቀዝ ያለ አጋርነት ልንለው እንችላለን። ቃሉ «ከአንተ ጋር ነኝ» ይላል፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ «ግን ብዙም አትቅረበኝ» ይላል። ይህ ለምን አስፈለገ? በአሜሪካ ወንዶች መካከል ወዳጅነትን በግልጽ መናገርና መንካት ያሳፍራል፤ ሰው ምን ይለናል የሚል ፍርሃት አለበት። ስለዚህ ፍቅሩን የሚያሳይበት ግን የማይጋለጥበት ቃል አስፈለገው። በዚህ ላይ የእኛ ልማድ ይለያል። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወይም አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። «ወንድም ዓለም»፣ «የኔ ወንድም» ለማለት አንፈራም። የአሜሪካ ወጣት እኛ በእጃችንና በአንገታችን የምንሠራውን ሥራ በከፊል በዚህች ቃል ይሠራዋል። ልጆቻችን እዚያ ሲያድጉ ይህን ቅዝቃዜም አብረው እንደሚማሩ መዘንጋት አይገባም።

የሴቶቹ ነገር ግራ የሚያጋባቸው ሰዎች አሉ። መነሻው የወንድ መጠሪያ ሆኖ ሳለ ሴት ለሴት ጓደኛዋ «ዱድ» ትላለች። ጥናቱም ከወንድ ለወንድ ቀጥሎ ከሴት ለሴት የሚነገረው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በተለይ መጥፎ ነገር ሲገጥምና አብሮ ማዘን ሲያስፈልግ። በ1880ዎቹ ለሴቶች የተለየ ቃል ለመፍጠር ተሞክሮ ነበር፤ አልጸናም። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ ምን ይደንቃል? ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ «አንተ» የሚል አባት፣ ወንዱን ልጇን «አንቺ፣ ነይ እስኪ» የምትል እናት ስንቱ ቤት አለ! ጾታው የሚገለበጠው በስህተት አይደለም፤ ቅርበቱ ከሰዋስው ሕግ በላይ ነው ለማለት ነው። ስም ሆኖ ሲገባ ግን ዛሬም ወንድን ነው የሚያመለክተው፤ «ዱዶች» ከተባለ ብዙ ሰው ወንዶችን ያስባል።

ሁለት ፍቅረኛሞች ደግሞ ቃሉን ብዙም አይጠቀሙበትም። ፍቅርን የገለጸች ሴት «እኔም እወድሃለሁ» የሚል መልስ ስትጠብቅ «ዱድ» ቢላት ልቧ ይሰበራል፤ የጓደኛ ወንበር ላይ አስቀመጣት ማለት ነውና።

እንግሊዝኛ ይህን ያህል ሸክም በአንዲት ቃል ላይ ለምን ጫነ? የእኔ ግምት ይህ ነው። እንግሊዝኛ ድሮ እንደ እኛ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ለቅርብ ሰውና ለታናሽ «ዛው»፣ ለታላቅና ለብዙ «ዩ» ይባል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ «ዛው» ከተራው ንግግር እየጠፋ ሄደ፤ ዳኛውም ሕፃኑም ውሻውም «ዩ» ሆኑ። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የተባሉ ምሁራን በ1960 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት እንዲህ ያሉ ተውላጠ ስሞች በሁለት ኃይሎች እንደሚመሩ አሳይተዋል፤ አንዱ ሥልጣን ነው፤ ሌላው አጋርነት። ተውላጠ ስሙ ሲደኸይ ሥራው አልጠፋም፤ ወደ ሌሎች ቃላት ተዛወረ። አክብሮቱ «ሰር» እና «ማዳም» ወደሚሉት ሄደ፤ ቅርበቱን ደግሞ እንደ «ዱድ» ያሉ የአራዳ ቃላት ወረሱት። ስለዚህ አሜሪካዊው ወጣት «ዱድ» ሲል በተቀበረው «አንተ» መቃብር ላይ አዲስ «አንተ» እየተከለ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን የተረዳ ሰው ማን ለማን እንደሚለው አይጠፋውም። «እርስዎ» ለሚገባው ሰው አይባልም። ለፖሊስ፣ ለዳኛ፣ ሥራ ለሚቀጥር ኃላፊ፣ ለፕሮፌሰር መናገር «አንተ ልጅ» እንደማለት ይቆጠራል። አዲስ ገብ ወገኖቻችን ቃሉን በየመንገዱ ስለሚሰሙት የሁሉ መጥሪያ ይመስላቸዋል፤ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲያመልጣቸው ግን ጠያቂው ፊቱን ያጠቁራል፤ ስህተታቸውንም የሚነግራቸው የለም። በተቃራኒው አሠሪያቸው «ዱድ» ካላቸው አልናቃቸውም፤ «እርስዎ»ን ትቶ ወደ «አንተ» እንደተሻገረ ይቁጠሩት። መመለስ ይቻላል? ለጊዜው አለመመለስ ይሻላል። በእኛም ዘንድ ታላቅየው «አንተ በለኝ» ካላለ ታናሹ አይደፍርም።

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንጓ እናት እንመለስ። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ወደ ማዕድ ቤት ይገባል፤ ድስቱን ከፍቶ ያያል፤ «ዱድ! ዶሮ ወጥ!» ይላል። እናት ይቆጣሉ፤ «እኔ ጓደኛህ ነኝ?» ይላሉ። መቆጣታቸው ይገባኛል፤ ቃሉ ለእናት የተበጀ አይደለም። ነገር ግን ይህ ልጅ አማርኛ ሲናገር እናቱን «አንቺ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል እንጂ ተናቅሁ አይሉም፤ በብዙ ቤት ለአባት የሚቀርበው «እርስዎ» ለእናት የማይቀርበው እናት ቅርብ ስለሆነች ነው። ደግሞም ልጁ ያለው «ዱድ፣ ምን ሠራሽ?» አይደለም። ድስቱን አይቶ ነው የጮኸው። የጠራው እናቱን አልነበረም፤ «እናንተዬ፣ ዶሮ ወጥ!» ነው ያለው።